እጅ ሲያዝ እግር ይሠራል፤ የጊታርን ድምፅ በእግር የማዘዝ ታሪክና አሠራር ከላንጋኖ አካባቢ አንጻር

መግቢያ

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተጻፈውን ታሪክ የሚመረምር ሰው የድምፃውያኑን ስም፣ የግጥምና የዜማ ደራስያኑን ስም፣ አልፎ አልፎም የአቀናባሪዎቹን ስም ተመዝግቦ ያገኛል። ሸክላው የታተመበት ዓመትና ያሳተመው ሰው እንኳ ይታወቃል። ዳሩ ግን ድምፁ ስላለፈበት ሽቦ፣ ድምፁን ስላጎላው ሣጥን፣ ድምፁንም ስለ ለወጠው መርገጫ የሚናገር ገጽ ጥቂት ነው። ዘፈኑ ሲመሰገን መሣሪያው አይነሣም፤ መሣሪያው ቢነሣም ጠጋኙና ሠሪው አይነሡም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ያልተነሡ ነገሮች አንዱን ማንሣት ነው፤ ይኸውም የጊታር ድምፅ መለወጫ በእግር የሚታዘዝበት መቆጣጠሪያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከትንሹ ነገር በስተጀርባ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያን ከውጭ ያስመጣ ሕዝብ ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ ይቀራልን፣ ወይስ በእጁ ባለው ነገር እያሻሻለ የመሣሪያው ባለቤት ይሆናል? ይህን ጥያቄ ስመረምር ከከተማው ሱቅ ራቅ ያለውን የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ላንጋኖን መነሻ አድርጌአለሁ፤ ምክንያቱን በቦታው አስረዳለሁ።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. እግር በአገራችን የእጅ ጥበብ ውስጥ

እግርን ለሥራ ማዘዝ በኤሌክትሪክ ዘመን የተጀመረ አይደለም። የሸማኔውን ሥራ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። እጆቹ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱና ማጉን ሲያጠብቁ፣ እግሮቹ መርገጫውን እየተፈራረቁ በመርገጥ ድሩን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉም። እጅ በአንድ ሥራ ተይዞ ሳለ ሌላ ትእዛዝ መስጠት ሲያስፈልግ ትእዛዙን የሚሰጠው እግር ነው። የልብስ ሰፊው የእግር መኪናም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ እጆቹ ጨርቁን ይመራሉ፣ እግሩ መዘውሩን ያዞራል።

የጊታር ተጫዋችም ችግሩ ይኸው ነው። ግራ እጁ አውታሩን ይጫናል፣ ቀኝ እጁ ይመታል። በዘፈኑ መካከል የድምፁን መልክ መለወጥ ቢያስፈልገው ሦስተኛ እጅ የለውም። እንግዲህ የእግር መቆጣጠሪያ የሚባለው ነገር ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ሸማኔው ሲሠራበት የኖረው ሐሳብ ነው።

የድምፅን መልክ በመሣሪያ መለወጥም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የበገናን ድምፅ ከክራር ድምፅ የሚለየው የመጠኑ ትልቅነት ብቻ አይደለም። በበገና ላይ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያን የሚያንዛርር፣ የሚያስተክዝ ድምፅ ያወጣል። እንዚራው ከቦታው ጥቂት ቢዛነፍ ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ በገና ደርዳሪው ከመቃኘቱ ጋር እንዚራውንም ያስተካክላል። የምዕራቡ ዓለም ጊታር ተጫዋቾች ‹‹ፈዝ›› ብለው የሚጠሩትን የሻከረ ድምፅ በትራንዚስተር ከመፈለጋቸው አስቀድሞ፣ የኛ አባቶች ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብሎ ማሻከር ውበት እንደሚሰጥ ዐውቀው በቆዳ ሠርተውታል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው አልልም፤ እንዚራ በእግር አይታዘዝም፣ ኤሌክትሪክም አያውቅም። ዳሩ ግን ሐሳቡ፣ ይኸውም በአውታሩና በሰሚው መካከል የድምፁን ጠባይ የሚለውጥ አንድ ነገር ማስገባት፣ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

፪. በውጭ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ

በአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋቾች በእግር የሚረገጡ ቁልፎች ከጥንት ጀምሮ ነበሯቸው። በ1712 ደግሞ አብርሃም ጆርዳን የተባለ የለንደን ኦርጋን ሠሪ የቧንቧዎቹን ሣጥን በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አበጀለት። መዝጊያው ሲከፈት ድምፁ ይጎላል፣ ሲዘጋ ይቀንሳል። በሃያኛው መቶ ዓመት የኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ይህ ልማድ አብሮ መጣ፤ በኦርጋኑ ሥር ድምፁን የሚያጎላና የሚቀንስ መርገጫ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁለት ታላላቅ ለውጦች አመጣጣቸው ልብ ሊባል ይገባል።

የመጀመሪያው ፈዝ ነው። በ1960ና በ1961 መካከል በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ ማርቲ ሮቢንስ የተባለ ዘፋኝ ሲቀረጽ፣ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወተው ጊታር ያለፈበት የማደባለቂያ ክፍል ተበላሽቶ ድምፁን አሻከረው። ሰሚው ግን ድምፁን ወደደው። ቀረጻውን የመራው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን መርምሮ ያንኑ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣ ትንሽ የትራንዚስተር ሣጥን ሠራ። በ1962 ሣጥኑ ‹‹ማይስትሮ›› በሚል ስም ለገበያ ወጣ፤ የሚበራውና የሚጠፋውም በእግር ነው። ብልሽት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዋዋ ነው። በ1966 በካሊፎርኒያ የቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ የነበረው ብራድሊ ፕላንኬት በአምፕሊፋየር ላይ ያለውን ውድ ማብሪያ በርካሽ የሚተካ ክፍል እንዲሠራ ታዘዘ። የሠራውን ለመሞከር በአጠገቡ የተገኘውን የኦርጋን መርገጫ ባዶ ዕቃ ወስዶ በውስጡ ገጠመው። መርገጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲረገጥ የጊታሩ ድምፅ እንደ ሰው አፍ ይከፈትና ይዘጋ ጀመር። ጥሩምባ ነፊዎች የጥሩምባቸውን አፍ በክዳን እየከደኑና እየገለጡ የሚያወጡትን ድምፅ ስለሚመስል፣ በ1967 ለሽያጭ ሲቀርብ የታወቀው ጥሩምባ ነፊ የክላይድ ማኮይ ስም ተሰጠው። የፈጠራ መብቱ በ1967 ተጠይቆ በ1970 ተፈቀደ።

የዋዋን አሠራር በፊደላችን ማስረዳት ይቻላል። በፊደላችን አንዱ ተነባቢ ሳይለወጥ ድምፁ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይለዋወጣል። አውታሩ የሚሰጠው ተነባቢውን ነው እንበል፤ መርገጫው ደግሞ ቅጥያውን ይለውጣል። ተረከዝ ሲጫን ዝቅተኛው የድምፅ ክልል ስለሚጎላ ድምፁ ወደ ካዕብ ‹‹ኡ›› ይጠጋል፤ ጣት ሲጫን ከፍተኛው ክልል ስለሚጎላ ወደ ራብዕ ‹‹ኣ›› ይሄዳል። ከካዕብ ወደ ራብዕ ቶሎ የተሸጋገረ ሰው ‹‹ዋ›› አለ ማለት ነው። ሌሎች ብዙ ፊደል የሚደረድሩለትን ድምፅ እኛ በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዛሬ በፋብሪካ ተሠርቶ በብርጭቆ መስኮት ውስጥ የሚታየው መሣሪያ ሲጀመር በአጠገብ ከተገኘ ዕቃ የተገጣጠመ ነበር። ስለዚህ በቤት የተሠራ መቆጣጠሪያ የፋብሪካው ደካማ ቅጂ ነው የሚለው አስተሳሰብ የታሪኩን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል።

፫. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

የነፋስ መሣሪያ ባንድ በአገራችን ሥር የሰደደው ራስ ተፈሪ መኰንን በ1924 ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን አማካይነት መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች፣ በ1955ም የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። በነዚህ ባንዶች ዘንድ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነበረ፤ ተጫዋቹ ይጫወትበታል እንጂ ሊፈታውና ሊለውጠው አይችልም።

ነገሩ የተለወጠው በ1960ዎቹ ነው። በአስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ሠፈር ራዲዮና ክበብ፣ ከ1962 ጀምሮም የመጡት የሰላም ጓድ ወጣቶች የሶልንና የሮክን ድምፅ አስለመዱ። በሆቴሎችም የግል ባንዶች ተቋቋሙ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በ1969 አምሃ እሸቴ በድፍረት የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒው ዮርክ ባስቀረጸው ‹‹ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ›› በተባለው ሸክላ ላይ የዋዋ ድምፅ ከኛ ቅኝት ጋር ተስማምቶ ይሰማል። የአይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር በ1975 የሠራው ‹‹ኧረ መላ መላ››፣ በሚከተለውም ዓመት በራስ ሆቴል አዳራሽ የቀረጸው የመሣሪያ ሙዚቃ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር በትዝታና በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ውስጥ የራሱን ቦታ እንዳገኘ ያስረዳሉ።

በዚሁ ባንድ ኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተው ሰላም ሥዩም ወልደማርያም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና ዕድገት ጥናት የጻፈ ሰው ነው። ይህ ለኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። በአንድ ሰው ውስጥ የሚጫወት እጅና የሚመዘግብ እጅ ሲገናኙ ታሪኩ ከጥፋት ይድናል።

ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደቡ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ሸክላም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ከፊሎቹ አባላት በዚያው ቀሩ። ከነዚህ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። እርሱ በ1985 በአሜሪካ ባወጣው ካሴት በባንድ ፋንታ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን ሠራ። በአገር ቤትም ትልልቁ ባንድ እየተመናመነ አንድ ሰው ከሲንተሳይዘሩ ጋር መድረኩን የሚይዝበት ጊዜ መጣ። አንድ ሰው የብዙ ሰው ሥራ ሲሠራ ደግሞ እጁ ይበልጥ ይያዛል፤ እጁ በተያዘ መጠን እግሩ ይፈለጋል። የእግር መቆጣጠሪያ ታሪክ እንግዲህ የባንድ መጠን የመቀነስ ታሪክም ነው።

፬. ላንጋኖ ለምን?

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ውኃው በደለል ቡናማ ቢሆንም ለዋና ተስማሚ ስለ ሆነ፣ በዳርቻውም የበቀለ ሞላና የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በመሠራታቸው፣ የከተማ ሰው ለዕረፍትና ለበዓል የሚወርድበት ቦታ ሆነ። ሰው በሚዝናናበት ሁሉ ሙዚቃ ይከተላል። ይሁን እንጂ ሙዚቀኛው ወደ ሐይቁ ሲወርድ ሱቁና ጠጋኙ አብረውት አይወርዱም። በዚህ ምክንያት ላንጋኖ ለጥያቄያችን ጥሩ መፈተኛ ነው፤ መሣሪያ ከገበያው ሲርቅ ምን እንደሚያስፈልገው በግልጽ የሚታየው በእንዲህ ያለ ቦታ ነውና።

ስምጥ ሸለቆው ለኤሌክትሪክ ሙዚቃ ያበረከተው ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። ከአዳማ አጠገብ በአዋሽ ወንዝ ላይ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ወደ 43 ሜጋዋት ነበረ። ከዚያው ወንዝ በታች አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 ተከተሉ። በአዲስ አበባ ሆቴሎች አምፕሊፋየሮች የጮኹበት ዘመንና የአዋሽ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ የተለወጠበት ዘመን አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ሙዚቃው የተወለደው በከተማው ነው፤ ኃይሉ ግን ከስምጥ ሸለቆ ይመጣ ነበር።

አዳማ ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር መንገድ ከተማ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር። በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር የተነሣው፣ ዑድንም ጊታርንም የተጫወተው፣ በ1971 የመጀመሪያውን አልበሙን ያወጣው ዓሊ ቢራ በ2022 ያረፈው በአዳማ ነው። ከላንጋኖ ወደ ደቡብ ሲወረድ ሻሸመኔ ትገኛለች፤ በዚያም ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፍረዋል። የሬጌ ጊታር ደግሞ ከዋዋ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው። በዚህ ሁሉ ምክንያት መንገዱ ራሱ የሙዚቃ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ መንገድ የሚጓዝ መሣሪያ ሦስት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው፤ የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልት ሲሠራ የኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። ሦስተኛው የሐይቁ ዳር አሸዋና አቧራ ነው፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን የካርቦን መንገድ እየፋቀ ድምፁን ያንኰሻኵሸዋል። በቤት የሚሠራ መቆጣጠሪያ እነዚህን ሦስቱን ከመጀመሪያው አስቦ ሊሠራ ይችላል፤ የፋብሪካው ግን ስለ ላንጋኖ አላሰበም።

፭. አሠራሩ

አሁን መቆጣጠሪያው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። የታሪክ ጽሑፍ ስለ ሆነ አሠራሩን መግለጽ አያስፈልግም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የአንድን ዕቃ አሠራር ሳያውቁ የዕቃውን ታሪክ መጻፍ የሸማን ታሪክ ድርና ማግ ሳይለዩ እንደ መጻፍ ነው እላለሁ።

የድምፅ መለወጫው ከጀርባው የእግር መቆጣጠሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ ካለው ሥራው ቀላል ነው። የሚያስፈልገው ቁልፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እግር እስካለበት ድረስ ብቻ የሚያገናኝ፣ እንደ ቤት ደወል መጥሪያ ያለ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ሲረገጥ የሚበራ፣ ሌላ ጊዜ ሲረገጥ የሚጠፋ ነው። የትኛው እንደሚያስፈልግ የመሣሪያው መመሪያ ይናገራል፤ መመሪያው ከሌለ የጃኩን ሁለት ጫፎች በሽቦ ለአፍታ አነካክቶ መሣሪያው የሚያደርገውን ማየት ነው። ከቁልፉ ሁለት ሽቦዎች ወጥተው 6.35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጃክ አንዱ ከጫፉ፣ ሌላው ከግንዱ ጋር በካውያ ይበየዳሉ።

ሣጥኑ ከወፍራም ቆርቆሮ ወይም ከዋንዛ ጣውላ ይሠራል። በቁልፎቹ መካከል ከ7 ሴንቲሜትር ያላነሰ ርቀት ይሁን፤ አለዚያ አንድ ጫማ ሁለት ቁልፍ ይረግጣል። ከሣጥኑ ሥር የጎማ ቁራጭ ካልተለጠፈ በመድረኩ ላይ ይንሸራተታል።

ድምፁን ቀስ በቀስ ለመለወጥ ግን ቁልፍ አይበቃም፤ መርገጫ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ከአሮጌ ራዲዮ የሚወጣው የድምፅ ማጉያና መቀነሻ ነው። ብዙ መሣሪያዎች የ10 ሺህ ኦም መቆጣጠሪያ ይቀበላሉ። አሽከርካሪ እጀታው ግን 300 ዲግሪ ያህል ሲዞር እግር የሚያዘነብለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለ ሆነ፣ ትንሹን እንቅስቃሴ ወደ ትልቅ ዙር መለወጥ ይገባል። ልብስ ሰፊ የጣለው ባዶ የክር ማጠንጠኛ እዚህ ይጠቅማል። 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማጠንጠኛ ዙሪያው 50 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ማጠንጠኛው በመቆጣጠሪያው እንዝርት ላይ ተሰክቶ ሲባጎ ቢጠመጠምበት፣ መርገጫውም ሲባጎውን 40 ሚሊሜትር ቢስበው፣ እንዝርቱ 286 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ይህ ከ300 ስለሚያንስ መቆጣጠሪያውን አይሰብረውም። መርገጫው በማጠፊያ ከሣጥኑ ጋር ይያያዛል፣ በሞላ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጃኩን ሦስት ክፍሎች አገጣጠም በተመለከተ ከፋብሪካ ፋብሪካ ልዩነት ስላለ መካከለኛው ሽቦ ወደ ጫፉ ወይም ወደ ቀለበቱ መሄዱን አስቀድሞ ማጣራት ያሻል። በመንገዱ ላይ አንድ ሺህ ኦም ያህል መከላከያ ቢጨመር ጃኩ ሲሰካና ሲነቀል የሚፈጠረው መነካካት መሣሪያውን አይጎዳውም።

ስለ አሸዋው ደግሞ ሌላ መላ አለ። በካርቦን ፋንታ ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ መከላከሉ የሚቀንስ ክፍል ይገጠማል፤ በፊቱ ትንሽ መብራት ይደረጋል፤ መርገጫው በሁለቱ መካከል መጋረጃ ያንቀሳቅሳል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ አቧራ ብዙ አይጎዳውም። ሞርሊ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካም በዚህ መንገድ መርገጫዎችን ሠርቷል። ስለ መብራት መቋረጥም የጥንቱ ዋዋና ፈዝ በባትሪ የሚሠሩና እጅግ ጥቂት ኃይል የሚወስዱ መሆናቸው ለሐይቅ ዳር ያመቻቸዋል።

በ1983 ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ከተደነገገ ወዲህ ደግሞ እግር ድምፁን ራሱን ሳይሆን ቁጥር ያዝዛል። በሰከንድ 31,250 ምልክት በሚጓዝበት ገመድ ሁለት ቁጥር ይላካል፤ 192 ማለት ‹‹በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለህ ሆይ፣ ድምፅህን ለውጥ›› ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ወደ የትኛው ድምፅ እንደሚለወጥ ይናገራል። በ2005 በኢጣልያ አርዱዊኖ የተባለው ለተማሪ የሚሆን ትንሽ ኮምፒዩተር ከተጀመረ ወዲህ ይህን በቤት መሥራት ተችሏል። ሁለት የ220 ኦም መከላከያዎች፣ ባለ አምስት እግር መሰኪያ፣ ጥቂት ቁልፎች ይበቃሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ቁልፍ ሲረገጥ ብረቱ ከመርጋቱ በፊት ይነጥራል፣ ኮምፒዩተሩም አንዱን እርግጫ አሥር አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ 20 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲጠብቅ ማዘዝ ያስፈልጋል።

፮. ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ።

አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ መለወጫ ባህላዊውን ድምፅ ይበርዛል የሚል ነው። ተቃውሞው ከመሠረቱ ባዶ አይደለም፤ ያለ ቦታው የገባ ዋዋ የትዝታን ለዛ ሊያጠፋ ይችላል። ነገር ግን ክራር ራሱ በዘመናት የተለወጠ ነው። አውታሩ ከጅማት ወደ ናይለንና ወደ ብረት ተለውጧል፤ ገበታውም ከእንጨት ሌላ ከብረት ሣሕን የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ የኤም አይ ቲ የምርምር ክፍል አዲስ ዓይነት ክራር ሲታሰብ በአማካሪነት ተካፍሏል። ባህልን የሚያጠፋው ለውጥ ሳይሆን ለዋጩ ባህሉን አለማወቁ ነው።

ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ የሌላውን መኰረጅ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ የተነገረው የፕላንኬት ታሪክ ነው። የኦርጋን መርገጫ አንሥቶ የጊታር መሣሪያ ያደረገው ሰው ፈጣሪ ከተባለ፣ የልብስ ሰፊ ማጠንጠኛና የአሮጌ ራዲዮ መቆጣጠሪያ አገናኝቶ ለላንጋኖ አሸዋ የሚሆን መርገጫ የሚሠራውስ ስለ ምን ኰራጅ ይባላል? ሁለቱ የሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ የተለየው የመዝገቡ ነገር ነው። የመጀመሪያው በፈጠራ መብት መዝገብ ላይ ተጽፏል፣ ሁለተኛው ግን ሣጥኑ ሲሰበር አብሮ ይጣላል።

ሦስተኛው፣ የፋብሪካው ዕቃ እያለ በእጅ መሥራት ድካም ነው የሚል ነው። የፋብሪካው ዕቃ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ሲበላሽም የሚፈታው ሰው ካልተገኘ ይጣላል። የሠራው ሰው ግን ይጠግነዋል። ከዚህም በላይ፣ መሣሪያው የመንግሥት ወይም የሆቴል ንብረት በነበረበት ዘመን ተጫዋቹ ድምፁን እንኳ በፈለገው መልክ ለመለወጥ ሥልጣን አልነበረውም። በገዛ እጅ መሥራት ገንዘብን መቈጠብ ብቻ ሳይሆን በድምፅ ላይ ባለሥልጣን መሆን ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይመራል። የእግር መቆጣጠሪያ ከውጭ የመጣ ጥበብ ቢሆንም ሐሳቡ በሸማኔው መርገጫና በበገናው እንዚራ ውስጥ በአገራችን ይገኝ ነበር። ከውጭ የመጣውም ራሱ ከብልሽትና ከአጠገብ ዕቃ የተወለደ ነው። ስለዚህ በአዳማ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ በራዲዮ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሣጥን የሙዚቃ ታሪካችን አካል ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል።

በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በገናውን፣ ክራሩን፣ መሰንቆውን በክብር አስቀምጧል። ከነዚያ አጠገብ በቤት የተሠራ አንድ የጊታር መርገጫ ቢቀመጥ የሚያሳፍር አይሆንም። ለዚህም የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በአንድ ካርድ ላይ አምስት ጥያቄ ይዘን ብንሄድ ይበቃል፤ ይህን ዕቃ ማን ሠራው? መቼ? የት? ከምን ከምን ዕቃ? በየትኛውስ ዘፈን ተጫወቱበት? መልሱን ከነሠሪው ስምና ፈቃድ፣ ከነሥዕሉ ይዘን ብንመለስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለተመራማሪ የሚሆን መዝገብ ይኖረናል። መምህሮቻችንም ይህን እንደ ቀልድ ሳያዩ እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ እንዲመሩን እንለምናለን።

በቤት የተሠራ ዕቃ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሞላው ይላላል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ሠሪውም ያረጃል። የፋብሪካው ዕቃ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገኝለታል። የነዚህ ግን ቅጂያቸው አንድ ብቻ ነውና፣ ሥራው ሳይመሽ ቢጀመር መልካም ነው።